ሁለት ቅጠል

ከወደቡ ክሬን፣ ከአርባ ሜትር ከፍታ፣
ከመሪው በስተቀኝ፣ በቴርሞሴ ቦታ፣
አንድ መጽሐፍ ይኖራል።
የባልቲክ ጨው አየር ሽፋኑን በልቶታል፤
ጀርባው ላይ "ከሰባት ዓመት በላይ" ይላል።

ጉንቲስ ያገኘው ቀን ሳቀብኝ እስኪያልበው፤
"እኔ የክሬን መመሪያ ነው ብዬ ሳስበው!
ቪዝማ፣ ሃምሳ ሰባት አልሞላሽም እንዴ?"
ሞልቶኛል። ምን ላድርግ፣ አልወጣ ካለ ከሆዴ?

ዘጠኝ ቅጾች ናቸው፣
ወንዝ ላይ የሚንሳፈፍ ፖስታ ቤት ያላቸው።
ጣሪያው የሚያፈስ ጀልባ ነው፣ ሞተሩ የሚያስነጥስ፣
አድራሻ ያጣ ደብዳቤ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚያ የሚደርስ፦
"በዝናብ ቀን ጃንጥላ ላዋሰችኝ ሴትዮ"፤
"ለወንድሜ፣ በሕይወት ካለ"፤
"ለጎረቤቴ ውሻ፣ ስለ ድንጋዩ ይቅርታ"።
የምታነባቸው ኤልዚኛ ናት። አሥር ዓመቷ ነው፤
ከመጀመሪያው ቅጽ ጀምሮ አሥር፣ ንቅንቅ አትልም።
የምታደርሳቸው ፖጋ ናት፤
ዝይ ናት፣ አንድ ዓይኗን ቀበሮ ወስዶባት
በምትኩ የካፖርት ቁልፍ የሰፉላት።
ፖጋ ማለት በእኛ ቋንቋ ይኸው ቁልፍ ነው።

አርኒስ፣ ባሌ፣ አየርላንድ ለእንጉዳይ ለቀማ ሄዶ
በስልክም በሰውም የጠፋ ጊዜ፣
አራተኛውን አነበብሁ፤ ጀልባዋን የሚይዛትን በረዶ።
ወደቡ ግማሻችንን ሲያሰናብት፣ ስድስተኛውን።
መድኃኒት ነው አልልም።
ጥርስ ሲጎድል ምላስ እዚያው እዚያው እንደሚሄደው ነው፤
ምንም አይሞላም፣ ግን ቦታውን ያውቀዋል።

ዘጠነኛው መጨረሻ የለውም።
የእኔ ቅጂ ማለቴ ነው፤ ከገጽ መቶ አሥራ ሁለት በኋላ
ሁለት ቅጠል ጎድሎ ክሩ ብቻ ቀርቷል።
"አይጥ በልቶት ነው" ይለኝ ነበር አባቴ።
መርከብ በያጅ ነበር፤ ጣቶቹ ወረቀት ሲገልጡ
ድፍን ጓንት ያጠለቁ ይመስሉ ነበር።
እናቴ ሆስፒታል በተኛችበት በዚያ የበረዶ ወራት
ማታ ማታ ያነበበልኝ እሱ ነው።
ያቺ ቦታ ላይ ሲደርስ ያስላል። ሁለት ጊዜ።
ከዚያ፣ መጽሐፉን ሳያይ፣
"ፖጋ ከምድጃው አጠገብ፣ ባዶ ጆንያ ላይ ተኛች፤
በረዶው ሲቀልጥ ነቃች።"
በቃ፣ ይኸው ነው።
ሳሉ የታሪኩ አካል ይመስለኝ ነበር፤
ጀልባው ውስጥ የሚያስል፣ ስሙ ያልተጠቀሰ ሰው ያለ።
በረዶው ቀለጠ። እናቴ ከሆስፒታል አልተመለሰችም።
እሱ ግን ማንበቡን አልተወም፣ መሳሉንም።

አምና፣ ኩልዲጋ፣ አሮጌ ዕቃ ገበያ፣
ከሸክላ ድመትና ከዛገ መጋዝ መሃል
ዘጠነኛውን አገኘሁት፤ ንጹሕ፣ ሙሉ፣ በሁለት ዩሮ።
አውቶቡስ ውስጥ ገለጥሁት። መቶ አሥራ ሦስት።
ፖጋ ትሞታለች።
የመጨረሻዋን ደብዳቤ አድርሳ፣ በመመለሻዋ፣ በረዶው ላይ።
ኤልዚኛ ቁልፉን ፈትታ ኪሷ ትከታለች።
በማግስቱ አሥራ አንድ ዓመት ይሞላታል፤
ደብዳቤዎቹን በእግሯ ታደርሳለች።
እውነቱን ልናገር፣ ከአባቴ ይልቅ ያምራል፤
አንድ ትርፍ ቃል የለውም።
ሊየፓያ እስክንደርስ ሦስት ጊዜ አነበብሁት።

ቤት ገብቼ የጥንቱን አወጣሁ፣ መብራት ሥር ያዝሁት።
የቀረው ጠርዝ ቀጥ ያለ ነው፤ በስለት፣ በማስመሪያ።
አይጥ በማስመሪያ አይበላም።

አሁን ሁለቱም መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ናቸው።
ሬይኒስ፣ የሦስተኛ ፎቅ ልጅ፣
እናቱ የሌሊት ተረኛ ስትሆን እኔ ጋ ይተኛል።
ትናንት ዘጠነኛው ላይ ደረስን። እጄ ንጹሑን አልፎ
አሮጌውን ሳበ፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።
መቶ አሥራ ሁለት። ክር።
"ከዚያስ?" አለ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ፣
"ፖጋስ?"

ጉሮሮዬ ደህና ነበር።
ሳልሁ። ሁለት ጊዜ።